ለመንዝ መንገድ የሚሆን ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና አመራረጥ

መግቢያ

የመንዝ ሰው በቅሎ ሲገዛ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል እንዳለ በእጁ ይዳብሳል፤ ከዚያም ዳገት ላይ ይሞክራታል። መልኳን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ግን፣ መንዜም ቢሆን፣ የሚጀምረው ከመልኳ ነው። ስክሪኗ ስንት ነው? ወንበሯ ማሳጅ ያደርጋል? ጣሪያዋ መስታወት ነው? ይህንን የምለው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም የአውቶሞቲቭ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እዚያው ላይ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት እንደተዘጋ አጎቴ ደወለልኝና "አንተ መኪና አይደል የምትማረው? ና እንግዲህ እንግዛ" አለኝ። አጎቴ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገር ግን ለፋሲካም ለለቅሶም ወደ መንዝ መውጣቱን አልተወም። አያቴም እዚያው ናት። ዕድሜዋ ሰማንያን አልፏል፤ በየሦስት ወሩ ደብረ ብርሃን ወርዳ ሐኪም ማየት አለባት። በአሮጌው የናፍጣ መኪናው ያመላልሳት ነበር፤ እሱን ሸጦ ብሩን ባንክ አስቀምጧል። ያቺ ገንዘብ ከጠፋች ሁለተኛ አትገኝም። በዚያ ላይ አጎቴ ወገቡን ያመዋል፤ "ከእንግዲህ የሚያንገጫግጭ መኪና አልነዳም፤ ምቾት ያለው፣ ደህና የቅንጦት መኪና ነው የምፈልገው" ብሎ ቆርጧል።

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የተማርነው ስለ ፒስተን፣ ስለ ማርሽ ሳጥንና ስለ ናፍጣ ፓምፕ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት መኪና አየን። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ጊዜ የተማርኩትንና በኋላ ከመጽሐፍ ያገናዘብኩትን ነው።

ለምን ኤሌክትሪክ ሆነ?

ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ የነዳጅ መኪናዎችን እጅግ አስወደደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ሆነ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሁሉም መኪና ዋጋ ወደ ላይ ስለተተኮሰ፣ አዲስ የቅንጦት መኪና ያማረው ሰው ያገለገለውን ማየት ጀመረ። የታክስ ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣልና ሻጭ የሚለውን ሳይሆን በገዙበት ቀን የጸናውን መጠየቅ ነው።

ደጋ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። "ይሄ የቻይና ባትሪ ጣርማበርን ይወጣል?" ብለው የጠየቁኝ ሽማግሌ ነበሩ። እንግዲህ መልሱ ይወጣል ነው፤ እንዲያውም ከነዳጁ የተሻለ ይወጣል። ምክንያቱም በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ይሁን መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉልበቱ ያው ነው። የሳሳው አየር ለመኪናዋም አይገዳደራትም፤ በፈጣን አስፋልት ላይ ትንሽ እንኳ ያቆጥባል።

ስለዚህ ችግሩ ጉልበት አይደለም። ችግሩ የመንገዱ ርዝመትና ብርዱ ነው። ሻጭ "አንድ ጊዜ ቻርጅ ሲደረግ 580 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ሲል የሚጠቅሰው ቁጥር የቻይና የፈተና ቁጥር ነው። ያ ፈተና የሚደረገው ቤት ውስጥ፣ በሮለር ላይ፣ ዳገት በሌለበት፣ አማካይ ፍጥነቱም በከተማ አነዳድ ልክ ዝቅ ብሎ ነው። የመንዝን መንገድ በዚያ መለካት የቆላን ማሳ በደጋ ገመድ እንደ መለካት ነው። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ አንሥተን ራሳችን እናስላ።

ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ 130ው እስከ ደብረ ብርሃን ነው። ከዚያ ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መንዝ ይገባል። ትልቅ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች ብንል፣ 280 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 48 ያህል ያስፈልጋታል። አዲስ አበባና መሐል ሜዳ በከፍታ ወደ 750 ሜትር ይለያያሉ። ሰውና ዕቃ ጭና 2,400 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት 5 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች (ክብደት ሲባዛ በስበት ሲባዛ በከፍታ፤ ከዚያ ለ3.6 ሚሊዮን ማካፈል)። በየመሐሉ ወርዶ ለመውጣት ሌላ 5 እንጨምር። ድምሩ 58 ሆነ።

እስከዚህ ሁሉ ነገር ደህና ነው። አሁን ማሞቂያውን እንክፈት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መንዝ ውስጥ ውርጭ ስለሚጥል አያቴን ይዞ ያለ ማሞቂያ መሄድ አይታሰብም። ተራ ማሞቂያ በአማካይ 2 ኪሎዋት ቢስብና መንገዱ ሰባት ሰዓት ቢፈጅ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ድምሩ 72 ደረሰ ማለት ነው። መኪናዋ አዲስ በነበረችበት ጊዜ ሥራ ላይ የሚውል 77 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነበራት እንበል። አሁን አርጅቶ 88 በመቶው ቢቀር 68 ነው ያላት። 72 ከ68 ይበልጣል! በሻጭ ቋንቋ 580 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪና 280 ኪሎ ሜትር መሄድ አቅቷት ሜዳ ላይ ትቆማለች። አጎቴ ይህን ስሌት ደብተሬ ላይ ሲያይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "እናቴን ውርጭ ላይ አላሳድራትም" ብቻ ነው ያለኝ።

እዚህ ላይ ነው "ኦፕሽን" የሚባለው ነገር ዋጋ የሚያገኘው። ያቺው መኪና ሂት ፓምፕ ቢኖራት ለዚያው ሙቀት የምትበላው 5 ያህል ብቻ ስለሚሆን ድምሩ ወደ 63 ይወርዳል። ሂት ፓምፕ ማለት በቀላሉ ሲነገር የተገለበጠ ፍሪጅ ነው፤ ሙቀትን ከውጭ አየር ሰብስቦ ወደ ጋቢና ያስገባል። መኪናዋ ደጅ ላይ ስትታይ ይኑራት አይኑራት አይታወቅም። ሻጭም ብዙ ጊዜ አያውቅም። በሻንሲ ቁጥሩ የፋብሪካውን የኦፕሽን ዝርዝር ማስፈለግ ነው፤ ወይም ኮፈኑን ከፍቶ የሚያውቅ መካኒክ ማሳየት።

ስለ ቁልቁለት ደግሞ

ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። በሙከጡሪና በለሚ በኩል ዓለም ከተማ ለመድረስ የጀማን ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ተገልብጦ ጄነሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። የወረደችበትን ሁሉ ግን አትመልስም፤ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብታስመልስ ጥሩ ነው። ስለዚህ ጀማ ድልድይ ላይ ሆኖ የቀረውን መቶኛ አይቶ መደሰት አይገባም፤ ዳገቱ ገና ፊት ለፊት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ቁልቁለት ላይ የሚመነጨው ኃይል መግቢያ የለውም። ጣርማበር ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ጣሊያን በሠራው ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ወደ 1,900 ሜትር ቁልቁለት በተራ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። መኪናዋ ከባድ ናት፤ ፍሬኑ ይግላል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው 85 በመቶ ላይ ቻርጁን ነቅሎ ቢነሣ መንገዱ ራሱ ይሞላለታል።

ባትሪው ጥርሱ ነው

በበቅሎ ጥርስ እንደሚታወቅ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ዕድሜ የሚታወቀው በባትሪዋ ነው። በኪሎ ሜትር ንባብ ማመን አይቻልም፤ ይቀነሳልና። ፍሬን ሸራውን አይቶም መፍረድ አይቻልም፤ ሞተሩ ስለሚይዝላት የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ብዙም አይበላም። ይልቅስ ጎማውን ይዩ። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2321 ቢል በ2021 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መኪናዋ "ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደችው" ተብሎ ጎማዋ ከራሷ በሁለት ዓመት ካነሰ፣ የፊተኛው ጎማ ምን በላው ብሎ መጠየቅ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ቻይና ውስጥ ሰሌዳ ብቻ ወጥቶላቸው ሳይነዱ "ያገለገለ" ተብለው ወደ ውጭ የሚላኩ መኪናዎች እንዳሉ በ2025 እ.ኤ.አ. በሰፊው ተዘግቧል። ያገለገለ ሁሉ ያረጀ አይደለም ማለት ነው።

ባትሪውን ለመለካት መሣሪያ ያለው ሰው ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ከመሪው በታች ካለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያነባል። ነገር ግን የሻጩ መሣሪያ ከሆነ እሱንም ማን ያምነዋል? እኛ ያደረግነው ከዚህ ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

መኪናዋን 20 በመቶ እስኪቀራት ድረስ ይንዷት። ከዚያ ግቢ አስገብተው የቤቱን ቆጣሪ ንባብ ይጻፉ። ፍሪጁንም ቦይለሩንም ያጥፉ። 80 በመቶ እስክትደርስ ቻርጅ ያድርጉና ቆጣሪውን ደግመው ያንብቡ። ከቆጣሪው የወጣው ሁሉ ባትሪ ውስጥ አይገባም፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ልዩነቱን በ0.9 አባዝተው ለ0.6 ያካፍሉ። የሚገኘው የባትሪው የዛሬ አቅም ነው። እርግጥ አምስት በመቶ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል፤ ውሸትን ለመያዝ ግን በቂ ነው።

የመጀመሪያውን ስንሞክር አክስቴ ማታ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ሰክታ ልታበላሽብን ነበር፤ ምጣድ ብቻውን የመኪናን ቻርጀር ግማሽ ይበላል። "የመኪና ጾም ነው እንዴ!" እያለች ስቃ ተወችልን። ያቺ ባለሰባት ወንበር መኪና ነበረች፤ ሻጩ "ባትሪዋ 97 በመቶ ነው፣ ሙሽራ ናት" ብሎናል። ቆጣሪው ያሳየው ልዩነት 41.5 ነበር። 41.5 በ0.9 ተባዝቶ ለ0.6 ሲካፈል 62 ግድም። አዲስ ሳለች 77 ከነበራት የቀረው 81 በመቶ ነው። አጎቴ በማግሥቱ ቁልፉን ሲመልስ ደላላው "ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ መኪና በቆጣሪ ይገዛሉ እንዴ?" አለው። "እኔ እህልም ሳልሰፍር አልገዛም" ብሎት ወጣን።

ስለ ባትሪ ዓይነት ባጭሩ። ሁለት ትላልቅ ጎሣዎች አሉ። አንደኛው የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው፤ ቢዋይዲ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ብሌድ ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። ረጅም ዕድሜ አለው፣ እስከ መቶ በመቶ መሙላትም አይጎዳውም፣ በእሳት በኩልም ታጋሽ ነው። ድክመቱ ብርድ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ሁለተኛው ኒኬልና ኮባልት ያለበት ነው፤ ብርዱን የተሻለ ይችላል፣ ለክብደቱም ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ዘወትር እስከ ጫፍ ከተሞላ ግን ያረጃል። የመንዝ ብርድ የሌሊት ብርድ ስለሆነና ረፋድ ላይ ፀሐይ ስለምታሞቅ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውም ይሠራል፤ ማታ ከመንገድ እንደገቡ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ መሰካት ነው እንጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የባትሪ አቅም ብዙ ጊዜ ጠቅላላው ነው እንጂ ሥራ ላይ የሚውለው አይደለም። ለምሳሌ ኦዲ ኢትሮን 55 የሚባለው 95 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ይሸጣል፤ የሚነዳበት ግን ከ83 እስከ 86 ነው። ቮልስዋገን አይዲ 6 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ይታያል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቻይና ገበያ ብቻ የወጣ ስለሆነ አውሮፓ ያለ መካኒክ እንኳ ብዙም አያውቀውም። መለዋወጫ ሲፈለግ መንገዱ በቻይና በኩል ነው ማለት ነው።

የትኛው ቅንጦት ይጠቅማል?

አጎቴ ምቾት ስለፈለገ በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። የኔ ፍርድ ይኸውና።

የሚሞቅ ወንበርና የሚሞቅ መሪ ካለ ይግዙ። ወንበር የሚስበው ኃይል ጋቢናውን በሙሉ ከማሞቅ ጋር አይወዳደርም፤ ለሽማግሌ ወገብም መድኃኒት ነው። የኋላው ወንበር ይሞቅ እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ አያት የምትቀመጠው ከኋላ ነውና። የሚያቀዘቅዝ ወንበር ለአፋር ይሁን፤ ለመንዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

ትልቅ ቸርኬ ይቅርብዎ። ሃያና ሃያ አንድ ኢንች ቸርኬ ያላት መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች፤ ጎማዋ ግን ስስ ስለሆነ የጠጠሩ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲመታት ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎማው ይፈነዳል። ያቺው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ኢንች ቸርኬ ካላት እሷን ይምረጡ። ይብስ የሚያናድደው ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም! ግንዱ ሥር ሲገልጡ የሚያገኙት ጎማ ሳይሆን አንድ ብልቃጥ ማጣበቂያና ትንሽ ፓምፕ ነው። ማጣበቂያ የተቀደደ ጎማ አይሰፋም። መሐል ሜዳና ራቤል መካከል ሆኖ ያንን ብልቃጥ ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ስለዚህ ስኮርታና ክሪክ በመኪናዋ ዋጋ ውስጥ ቆጥሮ መግዛት ነው።

የአየር አሞርዛተር የሚባለው ለወገብ እጅግ የሚመች ነው፤ መኪናዋንም ከመሬት ከፍ ያደርጋታል። ያገለገለ ሲሆን ግን ፈራሁት። ማታ ከፍ አድርገው አቁመው ጠዋት አንደኛው ጎን ተቀምጦ ካገኙት አየር ያወጣል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ቢሆን ውድ ነው፣ መንዝ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይጠገንም። ከአራቱም እግር መንዳት ለክረምት ጭቃ ይጠቅማል፣ ኃይል ግን ይበላል። እኛ ባለሁለቱን መርጠን ጥሩ የጭቃ ጎማ መግዛትን ተስማማን።

ሻጮች የማይጠቅሱት እኔ ግን በጣም የወደድኩት ኦፕሽን ከመኪናዋ ባትሪ ለቤት መብራት መስጠት መቻሉ ነው። አንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ይህ አላቸው፤ ቻርጅ ማድረጊያው ላይ አስማሚ ተሰክቶ ተራ 220 ቮልት ይሰጣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ አንድ ፍሪጅ፣ አምፖሎችና ስልኮች ለጥቂት ቀን ሊያቆም ይችላል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጄነሬተር ከማስጮህ ስንት ይሻላል!

የመስታወት ጣሪያ፣ ከበር ጋር ተጣብቆ የሚገባ እጀታ፣ ማሳጅ፣ አሥራ ሁለት ድምፅ ማጉያ... እነዚህን አልፈናል። እጀታውን በተመለከተ ጭቃና ውርጭ ሲይዘው እንደሚያስቸግር ብቻ ልናገር።

ከሆዷ ሥር፣ ከሶኬቷና ከወረቀቷ

ጋራዥ ወስደው ቦይ ላይ አቁመው ሆዷን ይዩ። ባትሪው የተዘረጋው እዚያ ነው። የተጨረጨፈ፣ የተጎደጎደ፣ ተነቅሎ የተመለሰ ብሎን ያለበት ሆድ ካዩ ዋጋ አይከራከሩ፤ ይተዉት። በጎርፍ ውስጥ የገባች መኪና ምንጣፏ ሥር ደለልና ዝገት ይገኝባታል፤ የወንበሩን ብሎን ማየት ነው።

ሶኬቷ የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2? ሁለቱ አይገናኙም። አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ጣቢያዎች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. ከፍቷል። ከከተማ ሲወጡ ግን የሚተማመኑበት ከመኪናዋ ጋር የመጣው የቤት ገመድ ነው። እሱ ከጎደለ መኪናዋ ግማሽ ናት። ገመዱን ሳያዩና ሳይሞክሩ ብር አይክፈሉ።

የሻንሲ ቁጥሯ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። የመጀመሪያው ፊደል ኤል ከሆነ ቻይና የተሠራች ናት፤ ደብልዩ ከሆነ ጀርመን። አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ማስተያየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ካየናቸው አንዷ ሊብሬዋ ላይ ከሻንሲዋ አንድ ዓመት ታናሽ ሆና ተገኝታለች።

ሌላው የቻይንኛው ነገር ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ዛሬ ያስቃል፤ ማስጠንቀቂያ የበራ ቀን ግን አያስቅም። ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ ከተባለም ማን እንደቀየረውና በሽያጩ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መነሣቱን ያረጋግጡ። በመጨረሻም ያቺን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ አይርሷት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናዋ አትነቃም፤ በርም ላይከፈት ይችላል።

ምን ገዛን?

ስምንተኛ መኪና አላየንም፤ ሰባተኛዋን ወሰድናት። ቀለሟ አጎቴ የጠላው ቡናማ ነው፤ ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። ሂት ፓምፕ አላት፣ አራት ወንበሮቿ ይሞቃሉ፣ ቸርኬዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። በቆጣሪው 46.8 ወስዳለች፤ ይኸውም 70 ኪሎዋት ሰዓት ግድም፣ ከአዲሱ 91 በመቶ ነው። ከአዲስ አበባ መቶ በመቶ ሞልተን ወጣን፤ ደብረ ብርሃን ላይ የምናውቀው ሰው ግቢ፣ የሠላሳ ሁለት አምፔር መስመር ላይ ምሳ እስክንበላ ሁለት ሰዓት ሰክተን 13 ጨመርን። መሐል ሜዳ የደረስነው በ28 በመቶ ነው። ስሌቴ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል ብሎ ነበር፤ 28 በመቶ የ70 ወደ 20 ይጠጋል። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፈተናው የመጣው ከደረስን በኋላ ነው። የአያቴ ቤት መስመር ቀጭን ነው። ገመዱን 10 አምፔር ላይ አድርገን ሰካን፤ በ2.2 ኪሎዋት ማለት ነው፤ ለመሙላት ከሃያ አራት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ማታ ሁሉም ሰው መብራት ሲያበራ ቮልቴጁ ወርዶ መኪናዋ መሳብ አቆመች። ሶኬቱን ስነካው ይፋጃል። ነቅለን አደርን። በማግሥቱ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ከቆጣሪው ሥር ለብቻዋ ወፍራም ሽቦና ብሬከር አዘረጋንላት፤ መሬት መቅበሪያ ዘንግም አስቀበርን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ንጋት ብቻ እንድትስብ ሰዓት ሞላንላት፤ በሦስት ሌሊት 80 በመቶ ደረሰች። አያቴን ማክሰኞ ደብረ ብርሃን አደረስናት። ወንበሩ መሞቁን መጀመሪያ አላመነችም፤ ጋቢዋን አውልቃ እጇን ሥሩ እየከተተች "እሳቱን የት ነው ያኖራችሁት?" እያለች ጣርማበር ደረስን።